ሳልባትዮው ሲሞላ የሚከፈት ስንጥቅ

ጋራዡ ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ የተቀጠርኩት እዚያ ነው። የእኔ ድርሻ ሞተር መፍታት አልነበረም። ሠራተኞቹ “ኮምፒውተር ማድረግ” የሚሉትን ነበር የምሠራው፤ ስካነሩን ከመሪው ስር እሰካለሁ፣ መኪናው ራሱ የመዘገበውን ጥፋት አነባለሁ፣ ከዚያ ጥፋቱ የት እንዳለ እፈልጋለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል ሳልናገር የምውልበት ጊዜ ነበር።

አለቃችን ዕድሜያቸውን መኪና ስር የጨረሱ ሰው ናቸው። ሞተር ከበር ሲገባ ሰምተው የታመመውን ይናገራሉ፤ ብዙውን ጊዜም አይሳሳቱም። ከእሳቸው ቀጥሎ የሞተር መካኒኩ ነበር፤ ሳቂታ፣ እጀ ቀና፣ አፈኛ። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። “ዲግሪ” ነበር የሚለኝ።

ሰውየው መጀመሪያ የመጡት በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ስድሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ኮታቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የቆለፉ ሰው ነበሩ። እኔ “ጋሼ” ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ነጭ ትንሽ የቤት መኪና ነበረቻቸው፤ አሮጌ ግን በደንብ የተያዘች።

“ቤንዚን ይሸታል” አሉ። “ለእኔ እንኳን አይሸተኝም። ለባለቤቴ ነው።”

“ታዲያ ኮምፒውተር የምናደርገው ባለቤትዎን ነዋ!” አለ መካኒኩ።

ጋሼ አልሳቁም። “ኩላሊቷን ታማለች” አሉ። “ማክሰኞና ዓርብ እጥበት አላት። መኪናው ውስጥ ገና ስትገባ ያስመልሳታል። ሆስፒታል ደርሳ ደግሞ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ነው። አሁን አልገባም ማለት ጀምራለች።”

አለቃችን “በታክሲ አይሞክሯትም?” ብለው ጠየቁ።

“ቤታችን ከሸጎሌ በላይ ኮረብታው ላይ ነው፤ መንገዱ ተቆፍሯል። በስልክ የምንጠራው ታክሲ ዳገቱን ሲያይ ጥሎን ይመለሳል። እስከ አስፋልት እንዳላስኬዳት ከእጥበት ስትወጣ መቆም አትችልም። ሁለት ጊዜ ወድቃብኛለች።” ቀጥለውም “እጥበቱን ከተወች ደግሞ ሐኪሙ ምን እንደሚሆን ነግሮኛል” አሉ።

ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቃቸውም።

ነገሩን መኪና ለማያውቅ ሰው እንዲህ ማስረዳት ይቻላል። ቤንዚን ማጠራቀሚያው ሳልባትዮ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይተናል። በቀድሞ መኪኖች እንፋሎቱ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። አሁን ግን በቱቦ ተመርቶ ከሰል የተሞላ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ከሰሉ እንፋሎቱን ይዞ ያቆየዋል፣ ሞተሩ ሲነሳ ስቦ ያቃጥለዋል። መንገዱ በሙሉ ዝግ መሆን አለበት። የመኪናው ኮምፒውተር አልፎ አልፎ መንገዱን ዘግቶ፣ ግፊቱ ይወርድ አይወርድ እንደሆነ ይጠብቃል። የመርፌ ራስ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር እንኳን ያውቃታል፣ መብራትም ያበራል። የጋሼ መኪና ግን መብራት አላበራችም።

በዚያ ቀን ሁላችንም ተራ በተራ ጭንቅላታችንን ወደ ኋላ ወንበር አስገብተን አሸተትን። እጃችንንም የምንፈታውንም ዕቃ ሁሉ ሲያጥብ የሚውለው ቤንዚን ነው፤ በዚያ አፍንጫ ምን እንደምንሰማ አላውቅም። “ምንም የለም” ተባባልን። አለቃችን የቤንዚን መሙያውን ክዳን ከፍተው ላስቲኩ መሰንጠቁን አሳዩ። “ይኸው ነው” አሉ፤ “ክዳን ነው።” እኔ በትንሿ የጭስ ማሽን ጭስ ወደ እንፋሎቱ መንገድ አስገባሁ። ከሆነ ቦታ የሚያፈስ ከሆነ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ከክዳኑ በቀር ከየትም አልወጣም። ክዳኑ ተቀየረ። የቤንዚኑ መለኪያ ቀዩ ላይ እንደነበረና ቤንዚን ማለቁን የሚያሳየው መብራት እንደበራ አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ግን አላሰብኩም። ጋራዥ የሚመጣ መኪና ሁሉ ቀዩ ላይ ነው።

ጋሼ ከሄዱ በኋላ አለቃችን “ነፍሰ ጡርና በሽተኛ የሌለ ሽታ ይሸታቸዋል” አሉ። ሁላችንም በዚህ ተስማማን።

ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይተው፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከባለቤታቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ከእጥበት እየተመለሱ ነበር። እትዬ የምላቸው ባለቤታቸው የግራ ክንዳቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከግቢው ውጭ ፀሐይ ላይ በተቀመጠ ወንበር ላይ አረፉ። ወደ ውስጥ መግባት አልፈለጉም። ጋሼ ከአለቃችን ጋር ሲነጋገሩ እኔ ውሃ ይዤላቸው ወጣሁ። ጥርኝ የምታህል ብቻ ጠጥተው መለሱልኝ። የሚጠጡት በልክ እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

“አንቺ ነሽ ኮምፒውተር የምታደርጊው?”

“አዎ እትዬ።”

“ሴት መሆንሽ ደስ ይላል። ወንዶች ይሸታል ስላቸው እኔን ያዩኛል።” ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ። “ዛሬ እኮ ብዙም አይሸትም። እናንተ ጋ ስንመጣ መኪናው ጨዋ ይሆናል፤ ውሸታም ያደርገኛል። ዓርብ ዕለት ብታይው! ከወንበሩ ስር ነው የሚመጣው። ከታች።”

“ዓርብ ዕለት ምን ነበር?”

“ምንም። ቤንዚን ቀድቶ ነው የመጣው። ሰልፉን ታውቂው የለ? ግማሽ ቀን ተሰልፎ ደርሶት፣ እስከ አፉ ድረስ አስሞልቶ፣ መኪናውን ነቅንቆ፣ ደግሞ አስጨምሮ።” ከዚያ ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለእናንተ ሲያመጣት ግን በጎማ ቱቦ እየሳበ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጠዋል። ጋራዥ ውስጥ ቤንዚን ይሰረቃል ሲሉት ሰምቶ። እንዳትቀየሚው። እኔ ነገርኩሽም እንዳትይ፤ ያፍራል።”

“እሺ” አልኩ።

ወደ ውስጥ ገብቼ ስካነሩን ሰካሁ። ባለፈው አይቼ ያለፍኩትን መስመር እንደገና አነበብኩት። የእንፋሎቱ ፍተሻ፦ አልተጠናቀቀም። ኮምፒውተሩ ይህን ፍተሻ የሚያደርገው ቤንዚኑ ከመጠን በታች ሳይወርድ፣ አፍ እስከ ገደፉም ሳይሞላ፣ በመካከል ሲሆን ነው። የጋሼ መኪና ያ መካከል አልነበራትም ማለት ይቻላል። ቤንዚን በተገኘ ቀን እስከ አፏ ትሞላለች፤ እኛ ዘንድ በመጣች ቀን ደግሞ ትራቆታለች። ሴትዮዋ ሽታው የሚመጣው ስትሞላ ነው ይላሉ። እኛ ሁለት ጊዜ የመረመርነው ባዶዋን ነው።

ምን መደረግ እንዳለበት የገባኝ ያኔውኑ፣ ስካነሩ ገና በእጄ ላይ እንዳለ ነው።

ለምን እንዳልተናገርኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ጋሼ የሰሙት እውነት ነበር። መካኒኩ አድሮ ከሚሠራ መኪና ሁሉ ሁለት ሊትር በሃይላንድ ይቀዳል። ዕቃ ማጠቢያ ነው ይላል፤ የተወሰነውም እውነት ለዕቃ ማጠቢያ ይውላል። አለቃችን ያውቃሉ፣ አያዩም። መኪና የሚያመጡትም ያውቃሉ፤ ስለዚህ በቀይ ይመጣሉ። እኛ እንደሚያውቁ እናውቃለን። ማንም ቃል አይተነፍስም፤ ሰላምታችንና ሳቃችን ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነበር። “ጋሼ፣ ቤንዚኑን ሳይቀንሱ ያምጡት” ማለት ሁለት ነገር ማለት ነው፤ ሚስትዎ ነግረውኛል፣ እዚህም ሌባ አለ። ሁለቱንም የሚያወጣ አፍ አልነበረኝም።

ጨርሶ ዝም አላልኩም፤ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። አለቃችን አጠገብ ሄጄ “እ... አለቃ፣ ማለቴ፣ ቤንዚኑ ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ፍተሻው...” ብዬ ጀመርኩ።

“ቤንዚን በሌለበት አገር ሰውን ቤንዚን ሞልተህ ና ልበለው?” አሉኝ። “ያለውን እዪ በቃ።”

“እሺ” አልኩ። ቱቦዎቹን አጠባብቀን ሸኘናቸው። እትዬ በኋላ መስኮት በፋሻ የታሰረ እጃቸውን አነሱልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሰባት ቀን ዝም አልኩ።

ጋሼ ለአለቃችን ይደውሉ ነበር፤ አለቃችንም ስልካቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት። በዚያው ሳምንት ዓርብ ደወሉ። አልሄድም አለች አሉ። በቀጣዩ ማክሰኞ ሄደዋል፤ እየሄዱም እየተመለሱም አስመልሷቸዋል። ዓርብ ቀሩ። በቀጣዩ ማክሰኞም ቀሩ። እኔ ግቢው ጥግ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ እጥበት ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን በስልኬ አነብ ነበር። ውሃው የሚወጣበት የለውም፤ እግር ላይ፣ ሆድ ላይ፣ በመጨረሻ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ልብም በድንገት ሊቆም ይችላል። ሁሉንም በጥንቃቄ አነበብኩ። የጋሼ ስልክ ቁጥር የመኪናዋ የሥራ ካርድ ላይ ነበር። የምለውን በሥራ ካርድ ጀርባ በእርሳስ ጽፌ፣ ትሕትናው እንዳይጎድል አስተካክዬ፣ መልሼ አጠፋሁት። ሁለት ጊዜ እንደዚያ አደረግሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አለቃችን ስልካቸውን ኪሳቸው እየከተቱ መጡ። “የዚያች ሴትዮ ባል ነው” አሉ። “ሳንባዋ ውሃ ሞልቶ ረቡዕ ለት ድንገተኛ ክፍል አስገብቷታል። ተርፋለች። መኪናዋን ሌላ ጋራዥ አሳያለሁ አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩት፤ ምን እላለሁ?”

መካኒኩ እጁን ሲጠርግ ቆመ።

ከግቢው ወጥቼ ቆርቆሮው አጠገብ ቆሜ መልእክት ጻፍኩ። “ጋሼ፣ ጋራዡ ውስጥ ኮምፒውተር የማደርገው ልጅ ነኝ። ሌላ ቦታ ከመውሰድዎ በፊት አንድ ቀን ይስጡኝ። ቤንዚኑ ከግማሽ በላይ ሆኖ ይምጣ። ሥራው እስኪያልቅ ከመኪናው አልለይም።” ላክሁትና ስልኩን ዘጋሁት። ስከፍተው “ነገ ጠዋት” የሚል መልስ ጠበቀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። መለኪያው ሦስት አራተኛ ላይ ነበር። ወንበር አምጥቼ መኪናዋ አጠገብ አስቀመጥኩላቸው፤ እኔም ከዚያ አልተነቃነቅሁም። መካኒኩ ሦስት ጊዜ አልፎ አየን።

“ዲግሪ፣ ዘበኛ ሆንሽ እንዴ?”

መለኪያውን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ሲቀያየር አየሁት። “ኧረ! ሌባ ነን ማለት ነው? በግልጽ በይዋ!”

“ቤንዚኑ ያስፈልገኛል” ብቻ አልኩ።

“አንተ፣ ሥራህን ሥራ” አሉት አለቃችን ከሩቅ፤ ወደ እኛ ግን አላዩም።

የጭስ ማሽኑን የሚገፋ ንፋስ ያስፈልጋል። ቤንዚን በሞላበት ሳልባትዮ ውስጥ የኮምፕረሰር አየር ማስገባት አልፈለግኩም፤ የቤንዚን እንፋሎትና አየር አንድ ላይ ከሆኑ የሚጠብቁት ብልጭታ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ጎሚስታ ጎማ የሚሞላበት ናይትሮጂን ነበረው። ሄጄ ለመንኩት።

“ለየትኛው ጎማ?”

“ለጎማ አይደለም። ለሳልባትዮ።”

“ቤንዚን ጠፋና በናይትሮጂን መንዳት ተጀመረ በይኛ!” አለና እየሳቀ ሲሊንደሩን አንከባሎ አመጣልኝ።

ግፊቱን በጣም ዝቅ አድርጌ ጭሱን ለቀቅሁት። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ መኪናዋ ስር ገባሁና ባትሪ አብርቼ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ምንም። አንገቴ ደንዝዞ ልወጣ ስል ከቀኝ የኋላ ጎማ በላይ፣ ሳልባትዮው ከወለሉ ጋር በሚጠጋበት ጠባብ ቦታ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነገር በባትሪው ብርሃን ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። እጄን አሾልኬ ሳልባትዮውን በመዳፌ ወደ ላይ ገፋሁት። ክሩ ተቆረጠ። ለቀቅሁት። ተመልሶ መጣ።

ከስር የያዘው ማሰሪያ ብረት በዝገት ተበልቶ ላልቷል። ቤንዚኑ ሲሞላ ሳልባትዮው በክብደቱ ወደ ታች ይወርድና ከላይ የተሰካውን የእንፋሎት ቱቦ ይጎትተዋል፤ ቱቦው አንገቱ ላይ የተሰነጠቀው እዚያ ነው። ባዶ ሲሆን ሳልባትዮው ከፍ ይልና ስንጥቁ ከንፈር ለከንፈር ይገጥማል። ከስንጥቁ በላይ ደግሞ ከኋላ ወንበር ስር የምትገኝ የፓምፕ ክዳን አለች፤ ላስቲኳ ደርቋል። እንፋሎቱ የሚወጣው በቀጥታ እትዬ በሚቀመጡበት ስር ነበር።

ጋሼን ጠራኋቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ ካርቶኑ ላይ አጠገቤ ተጋደሙ። እጃቸውን ይዤ ሳልባትዮው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገፉ፤ ጭሱ ቆመ። ለቀቁ፤ ጭሱ መጣ። እንደገና ገፉ፣ ለቀቁ።

“ባዶ ከሆነ አያፈስም” አልኳቸው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። መኪናው ስር ጎን ለጎን እንደተጋደምን ዝገቱን ከጣታቸው ላይ ጠረጉ። በኋላ “ባዶ የማደርገው እኔ ነበርኩ” አሉ።

ያን ጊዜ “እኔም አውቄ ነበር” ማለት እችል ነበር። ፊታቸው ከፊቴ አንድ ክንድ እንኳን አይርቅም። አላልኩም።

ሳልባትዮው ወረደ፤ ማሰሪያው በአዲስ ተቀየረ፤ ቱቦውም፣ የክዳኑ ላስቲክም። መካኒኩ ሳይጠራ መጥቶ ሳልባትዮውን በማውረድ አገዘኝ። ሲያልቅ ጭሱን እንደገና ለቀቅሁት፤ ሳልባትዮውን እየነቀነቅሁም ለቀቅሁት። ከየትም አልወጣም።

እትዬ ከሆስፒታል ሲወጡ ጋሼ ደወሉልኝ። “ዓርብ አብረሽን ብትሄጂ ታምናለች” አሉ። አለቃችንን ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ኋላ ወንበር ከእትዬ ጎን ተቀመጥኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሆነዋል። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኮረብታው ወረድን፣ ሸጎሌን አለፍን። ጋሼ በመስታወቱ ደጋግመው ያዩአቸው ነበር።

ዊንጌት አካባቢ እትዬ እጄን ጨበጡኝ። “አቁም በይው” አሉ።

ጋሼ ዳር ያዙ። “አሁንም አለ?” አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ።

“አለ።”

“ተሠርቷል እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ! እስቲ አንቺ ንገሪያት!”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በረጅሙ ስቤ አሸተትኩ። የሳሙናና የአቧራ ሽታ ብቻ ነበር። የምለው ቸገረኝ፤ የለም ካልኩ ሁላችንም ስንላቸው የከረምነውን መድገም ነው፤ አለ ካልኩ ደግሞ ውሸት ነው።

“ለእኔ አይሸተኝም” አልኩ። “ግን በፊትም አልሸተተኝም ነበር፤ እርስዎ ነበሩ ትክክል። እንውረድ።”

እትዬ መንገድ ዳር አስመለሳቸው። ጀርባቸውን ያዝኩ፤ አጥንታቸው በልብሳቸው ላይ ይቆጠር ነበር። ታክሲ በኮንትራት ይዘን ደረስን፤ አንድ ሰዓት ዘግይተን ነበር። ነርሷ ከእሳቸው በኋላ ሌላ ታማሚ እየጠበቀ ስለሆነ የባከነው ሰዓት አይካካስም አለች። ስወጣ ስለ ሽታው ጠየቅኋት። “ገላ ያስታውሳል” አለችኝ። “የዚህን ግቢ በር ሲያዩ የሚያስመልሳቸው አሉ።”

ጋሼ የኋላውን ወንበር አውጥተው በኦሞ አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። የወለሉን ምንጣፍ ቀየሩ። እትዬ ይሸታል አሉ። ጉልበት ባላቸው ቀን ባላቸውን ተደግፈው እስከ አስፋልት በእግር ወርደው በታክሲ ይሄዱ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ኮረብታው ጭቃ ሆነ፤ ጉልበት ያላቸውም ቀን አነሰ። እኔ አልፎ አልፎ እደውል ነበር። “ደህና ነኝ ልጄ፣ ዛሬ ዝናብ ነው፣ አልሄድኩም” ይሉኛል።

እትዬ ያረፉት የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ለቅሶ የሄድነው ሦስታችን ነን፤ አለቃችን፣ መካኒኩና እኔ። ድንኳኑ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ውሃው በተጠራቀመበት በኩል አንድ ሰው በእንጨት ከስር እየገፋ ያፈሰዋል። መካኒኩ ያመጣውን እሽግ ውሃ ለሴቶቹ ሰጥቶ ከአስተናጋጆቹ ጋር ዳቦ ማደል ጀመረ። ጋሼ ጢማቸው አድጎ፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሥተው እጄን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው ወሰዱኝ።

“የመኪናዋን ጥፋት ያገኘችው ይቺ ልጅ ናት” አሏቸው። “ያ ሁሉ ወንድ ያላገኘውን።”

አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ጉንጬን ሳሙኝ። “ተባረኪ” አሉኝ። “እህቴ ‘እሷ ብቻ ነች ያመነችኝ’ ትል ነበር።”

መቀመጥ አልቻልኩም። ጥቂት ቆይቼ ለመሄድ ስነሣ ጋሼ እስከ በሩ ሸኙኝ። የቆርቆሮው ጥላ ስር ቆምን።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አሉ። “ባዶ ሲሆን እንደማያፈስ መቼ ነው የገባሽ? እዚያ ስሩ ተኝተሽ ነው?”

“አይደለም።”

ጠበቁኝ።

“ሁለተኛ ጊዜ ስትመጡ ነው። ቤንዚኑን ቤት እንደሚያስቀምጡት እትዬ ነገሩኝ። እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ ብለውኝ ነበር። ግን በእሱ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት። ፈርቼ ነው።”

“ማንን?”

በድንኳኑ በር መካኒኩ የዳቦ ትሪ ይዞ ጎንበስ ቀና ሲል ይታያል። “እሱንም” አልኩ። “አለቃዬንም። እርስዎንም።”

ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ዝም ባልኩባቸው ቀናት እትዬ የቀሩበትን እጥበት እየቆጠሩ መሆኑን አወቅሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

“ሁለት ዓርብ” አሉ።

“አንድ ማክሰኞም” አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ የሚሉኝ ነገር እንዳለ አፋቸው ተከፈተ። በዚያ ቅጽበት ለቀስተኛ የጫነ ሚኒባስ ከበሩ ፊት ቆመና ሴቶች እየጮኹ ወረዱ፤ ጋሼም ወደ እነርሱ ዞሩ። አንዷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ሌሎቹም ከበቧቸው፤ እንደተከበቡ ወደ ድንኳኑ ገቡ።

ልሂድ ወይስ ልመለስ አላወቅሁም። ዝናቡ ጠነከረ። አለቃችን ከውስጥ አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝ። ገባሁና ከሴቶቹ ጫፍ፣ ማንም ከማያየኝ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።